መተንፈስ የምትረሳው የልጅ ልጄ

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሙቀት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ቦይለር ቤት ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ። ቦይለር ማለት ውኃ አፍልቶ እንፋሎቱን ወደ ማቅለሚያው ክፍል የሚልክ፣ ቤት የሚያክል በርሜል ነው። የእኔ ሥራ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ የሙቀቱን መርፌ ማየት ነበር። መርፌው ሲወርድ እሳት እጨምራለሁ፣ ሲወጣ እቀንሳለሁ፣ በየሰዓቱ ደብተር ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ መርፌ ለማየት ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጡረታ የወጣሁ ቀን ጓደኞቼ «ከእንግዲህ ደግሞ ምን ልታሞቅ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። «ወንበር» አልኳቸው። እግዜር ለካ እየሰማ ነበር።

ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት። እናቷ ካረፈች ቆይቷል። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ከወሩ አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ያረገዘች ጊዜ አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ። መንታ ናቸው ከተባልንበት ዕለት ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ፤ የቦይለር ቤት ልማድ ስለሆነ ሳልቆጥር መቀመጥ አይሆንልኝም። እሷ ግን አትቆጥርም። «አባዬ፣ የሰጠኝ ጌታ ቀኑንም ያውቀዋል» ትልና ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥላለች። እምነቷ እንደዚህ ነው፤ አይጮህም፣ አያለቅስም። የሚያስጨንቅ ነገር ሲነግሯት ጨርሳ ትሰማና፣ ጉዳዩን ደህና ዘመድ እንደያዘላት ሰው ዝም ትላለች። እኔ እናቷን የወሰደብኝን ጌታ ያን ያህል አላምነውም ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ መጻፉ ይቀለኛል።

ታዲያ ሰባት ወሯ ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልብስ ስታሰጣ የእንሽርት ውኃዋ ፈሰሰ። የጎረቤታችን ባል አይሱዙ አለው፤ ወሎዎች ናቸው፣ ሽንኩርት ይነግዳሉ። መኪናው እንደ ተጫነ ቆሞ ነበር። ጋቢናው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሾፌሩ፣ ሚስቱና ልጄ ገቡበት። እኔ ከኋላ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ወጣሁ። ቃሊቲ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ ቀጥ አድርጎ ያዘን። ከጋቢናው መስኮት በአንድ በኩል «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» በሌላው በኩል «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ይሰማኛል። እኔ ላይ ሆኜ እንባዬ ይወርዳል። ሲጠይቁኝ «ሽንኩርቱ ነው» አልኩ። ያልተላጠ ሽንኩርት ሰው እንደማያስለቅስ ጎረቤታችን በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ያን ቀን ግን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችኝ።

ሆስፒታሉ ሆዷን ቀድዶ አወጣቸው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ወጣቱ ሐኪም ብቅ ብሎ ወንዱ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ፣ ሴቷ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ናቸው አለኝ። ኪሎ ሲባል የመጣሁበት ሽንኩርት ነው ትዝ ያለኝ። በመስታወት ሳያቸው ደግሞ ሽንኩርቱ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ቆዳው በልኩ ነው። የእነሱ ቆዳ የታላቅ ወንድም ልብስ የለበሰ ልጅ ይመስላል። ስም ስለሌላቸው የማሞቂያ ሳጥናቸው ላይ «መንታ አንድ» እና «መንታ ሁለት» ተብሎ ተለጥፏል። ስም በክርስትናቸው ቀን ነው የሚወጣላቸው ብላ ልጄ እምቢ ስላለች እኛም አንደኛና ሁለተኛ እያልን ጠራናቸው። ሁለተኛዋ ሴቷ ነች።

በማግስቱ ሐኪሙ ልጄ አልጋ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕድላቸው ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» አላት።

ልጄ አሰበችበት። «ሁለት አይደሉ እንዴ ዶክተር?»

«ሁለት ናቸው።»

«ሃምሳው የእሱ፣ ሃምሳው የእሷ። ሲደመር መቶ ነው።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ የአራተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ ስሌቱ ትክክል ነው የመሰለኝ። «እንደዚያ እንኳን አይደመርም» ሊል ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። ሲወጣ በጣቱ አየር ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል ከማሞቂያው ሳጥን አወጧቸው። ሳጥኑ ለባሰበት ይፈለጋል። አንዲት ቆፍጣና ሲስተር ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ አንድ ደረት ያስፈልገናል።»

«የምን ደረት?»

«የእርስዎ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለ ጊዜያቸው የመጡ ልጆች በሰው ገላ ይሞቃሉ፤ ራቁታቸውን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረት ላይ ይታሰራሉ፣ ቀንም ሌሊትም። የልጄ ሆድ ገና በስፌት ስለነበር አንዱን ብቻ ነው የቻለችው። አባትየው ጅቡቲ ድንበር ላይ አርባ ቶን ማዳበሪያ ጭኖ ወረፋ ይጠብቃል፤ «ስንት ኪሎ ገቡ?» እያለ ይደውላል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሲስተሯ «ካንጋሩ ይባላል» ብላ የእንስሳውን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ልጁን ኪሱ ሸጉጦ የሚዘል፣ ፊቱ የሚዳቋ፣ እግሩ የማንም ያልሆነ ፍጡር ነው።

«እኔ ይህን እንድሆን ነው?»

«አዎ፤ መዝለሉ ይቅርብዎ።»

ክፍሉ ውስጥ ስምንት እናቶች ደረታቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ የሠርግ ቀን ካልሆነ ሴቶች መሃል ተቀምጬ የማላውቅ፣ ሸሚዜን አውልቄ ነጭ ጸጉር የሞላበት ደረቴን ይዤ ገባሁ። አንሶላ እንደ መጋረጃ ሰቀሉልኝና ግድግዳው ስር ጥግ ሰጡኝ። ሁለተኛዋን ደረቴ ላይ አድርገው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩኝ። ልጅ ያዝኩ አይባልም፤ አንድ ሞቅ ያለ እርጥብ ቅጠል የተለጠፈብኝ ነው የመሰለኝ። ከመጋረጃው ማዶ አንዷ እናት «አባባ፣ ወተትዎ ወረደ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ስፌቴን! አታስቁኝ!» ብላ ሌላዋ ጮኸች። ጎረቤታችን አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ስትመጣ በመጋረጃው ቀዳዳ አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ውይ ልሙትልዎ አባባ! አራስ ሆኑ እንዴ?» ብላ ለልጄ ያመጣችውን አጥሚት መጀመሪያ ለእኔ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት። ምን አደርጋለሁ፣ ርቦኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛዋ መተንፈስ አቆመች።

አንዴ ደረቴ ላይ ትርክክ ትርክክ የሚል ነገር ነበር፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ቦይለር ቤት ድምፅ ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው። «ሲስተር!» አልኩ። ሮጣ መጣች፣ የልጅቷን እግር ከጨርቁ ስር አወጣችና መሃል እግሯን በጣቷ ቆንጠር፣ ጠቅ አደረገቻት። ልጅቷ ብርግግ ብላ ተነፈሰች።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ። እኔም መተንፈስ አቁሜ ነበር።

«ምንም አልሆነችም፤ ረስታው ነው። ገና ማሕፀን ውስጥ ያለች ይመስላታል። ስትረሳ እግሯን እንዲህ አድርገው ያስታውሷታል።»

ሰው መተንፈስ ይረሳል? እኔ መነጽሬን እረሳለሁ፣ የቤቴን ቁልፍ እረሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሥራዬ ታወቀ፤ የአንዲት ሰው እስትንፋስ አስታዋሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ አላውቅም። በቀን አራት ጊዜ የምትረሳበት ቀን ነበር፤ እኔም በደብተር ጻፍኩት።

ሐኪሙ ለጉብኝት ሲመጣ «ዕድሜያቸው እንግዲህ ሁለት ሳምንት አለፈው አይደል?» አልኩት።

«በእኛ አቆጣጠር እንኳ ከዜሮ በታች ናቸው አባባ። መወለድ የነበረባቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እድገታቸውን የምንለካው ከዚያ ቀን ጀምረን ነው።»

«ገና አልተወለዱም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ሊባል ይችላል።»

«ታዲያ ይህቺ ደረቴ ላይ ያለችው ማን ናት?»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ሌላ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ሁለተኛዋ በቀን አራት ጊዜ መተንፈስ እየረሳች ሰማንያ ቀን ትደርሳለች? አንድ ጊዜ ጣቴ ቢዘገይስ? ሳትጠመቅ፣ ስም ሳይወጣላት፣ «መንታ ሁለት» ተብላ ልትሄድብኝ ነው። በሐኪም አቆጣጠር ሳትወለድ፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ሳትጠመቅ። የት ብዬ ነው የምፈልጋት?

ሕፃን ለሞት ካሰጋ ቄስ ቀኑ ሳይደርስ ማጥመቅ እንደሚችል አውቃለሁ። ለልጄ ነገርኳት። አንደኛውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወተቷን በትንሽ ብልቃጥ እያለበች ነበር።

«አይሆንም አባዬ። ቀናቸው አለ።»

«ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ትፈቅዳለች እኮ።»

«ለሚሞት ነው የምትፈቅደው። ልጄ አትሞትም።»

«አንቺ አትፈሪም?»

«አልፈራሁም።»

«እኔ ፈርቻለሁ።»

«አንተማ ቦይለሩንም ትፈራ ነበር።»

«ስለፈራሁት ነዋ ያልፈነዳው!»

ይህን ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ስምንቱም እናቶች ዘወር ብለው አዩኝ። ልጄ ፈገግ አለችና ወደ ብልቃጧ ተመለሰች። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ለእሷ።

በማግስቱ ሁለተኛዋን ለተረኛዋ ነርስ ሰጥቼ ልብስ ልቀይር ወደ ቤት ሄድኩ ብዬ፣ በቀጥታ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። እኩያዬ ናቸው፤ ቄስ ናቸው፣ ግዙፍ፣ ድምፃቸው ከደብሩ ደወል ቀጥሎ የሚሰማ። ሁኔታውን ነገርኳቸው። ጢማቸውን ጨበጥ አድርገው «እናትየዋ ታውቃለች?» አሉኝ።

«ታውቃለች» አልኩ።

«ፈቅዳለች?»

«ፈቅዳለች» አልኩ። አያችሁ፣ ለንስሐ አባቴ ዋሸሁ። ይህን ኃጢአት የምናዘዘው ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መስቀላቸውን በአንገታቸው፣ ትልቁን ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ተነሡ። ከቃሊቲ ባቡር ተሳፈርን። የአስፋልቱ አቧራ አፍንጫዬ ገብቶ ኖሮ እስክንደርስ ድረስ አስነጠሰኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ፈተሸንና ጠርሙሱን ያዘ።

«ፈሳሽ አይገባም።»

«ጠበል ነው» አልኩት።

«ጠበልም ፈሳሽ ነው አባባ።»

ቄሱ አሰቡበት። «እውነቱን ነው» አሉ።

ጥበቃው ግን ክርስቲያን ነበር። ኮፍያውን አውልቆ «ከያዙት አይቀር ይርጩኝማ» አለ። ረጩት። ሁለተኛው ጥበቃ መጣ፣ ረጩት። ወረፋ የያዙ ሰዎችም ተጠጉ። ግማሽ ሰዓት ያህል በሩ ላይ ስንረጭ ቆይተን፣ ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ጥበቃው «አሁን መግባት ይችላል» ብሎ ባዶውን ጠርሙስ መለሰልን። እንዲህ ሆነን ለጥምቀት ያለ ውኃ ገባን። «ግድ የለም፣ የቧንቧውን እባርካለሁ» አሉኝ።

ክፍሉ በር ላይ ሲስተሯ እጃችንን እስከ ክርናችን አስታጠበችን። ገና ከመግባቴ አስነጠሰኝ። ደገመኝ። ሲስተሯ ጣቷን አነሣች።

«አባባ! ጉንፋን ይዞዎታል?»

«አቧራ ነው እንጂ...»

«ዛሬ ልጅ አይነኩም። ከመስታወቱ ውጪ!»

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ልጄ ለስፌቷ ምርመራ ወደ ላይኛው ፎቅ መውጫዋ ደርሷል፤ አንደኛውን አንዷ እናት ተቀብላታለች። ሁለተኛዋን ይዛ የቆየችው ነርስ ሥራ ይጠብቃታል። ሳጥኖቹ ሙሉ ናቸው። ሲስተሯ ዙሪያዋን አየች። ዓይኗ ቄሱ ላይ አረፈ፤ ስፋታቸውን ለካችው።

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቄሱ።

«ሳል፣ ትኩሳት፣ የቆዳ በሽታ?»

«የለብኝም። ግን እኔ የመጣሁት...»

ልጄ ይህን ጊዜ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። መጀመሪያ ቄሱን አየች፣ ቀጥሎ ባዶውን ጠርሙስ፣ መጨረሻ ላይ እኔን በመስታወት። ሁሉንም አወቀችው። ቄስ ፊት አባቷን አላዋረደችኝም። «ለምን እንደመጡ አውቃለሁ አባታችን» አለች ረጋ ብላ። «መጀመሪያ ግን ትሙቅ። ሲስተር፣ ደረታቸው ሰፊ ነው።»

ምን ልበላችሁ፤ ያን ቀን ያየሁትን ዳግም አላይም። የንስሐ አባታችን፣ ሕዝብ ፊታቸው የሚንበረከክላቸው ሰው፣ ቀሚሳቸውን አውልቀው ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥምጥሜን አላወልቅም ስላሉ ሲስተሯ በላዩ ላይ የቀዶ ጥገና ቆብ ልታስገባ ታገለች፤ አልገባ ሲላት ሁለት ቆብ አንድ ላይ ሰፍታ አጠለቀችላቸው። መስቀሉ ብረት ነው፣ ልጅቷን ያበርዳታል ብላ ወደ ጀርባቸው አዞረችው። ሁለተኛዋን ደረታቸው ላይ ጠፈረች። ጢማቸው ልጅቷን ሙሉ በሙሉ ሸፈናት። ከማዶ ያቺው እናት «አባታችን፣ ይፍቱን፣ አንስቅም ብለን ነበር» አለችና ክፍሉ እንደገና ፈረሰ።

ሲስተሯ የእግሩን ነገር አስረዳቻቸው። «መተንፈስ ስትረሳ ያስታውሷታል።»

«ምኗን ነክቼ?» አሉ በድንጋጤ።

«እግሯን።»

እኔ ከመስታወቱ ውጪ ቆሜ እንደ ድሮዬ መርፌ አያለሁ። ቄሱ መጀመሪያ ለመተንፈስም ፈሩ። ቆይተው ለቀቅ አሉና በለሆሳስ የውዳሴ ማርያም ዜማ ጀመሩ። ያ ድምፅ በለሆሳስ ሲሆንም መስታወቱን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ እናቶቹ አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድ ሰዓት አለፈ። የቄሱም ዓይን ተከደነ። ዜማው ቀጥሏል፣ ከልማድ ይመስለኛል።

እኔ የልጅቷን ጀርባ አያለሁ፤ ከጢሙ ስር ትንሽ ብቅ ያለ ነው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ከዚያ ቀረ።

ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። «እግሯን! አባቴ፣ እግሯን!»

ቄሱ ባንነው ተነሡ። ትልቁ ጣታቸው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ እግሯን ሲፈልግ ዓመት የፈጀ መሰለኝ። ጠቅ አደረጓት። ምንም። ደግመው ጠቅ አደረጉና «ተንፍሺ እንጂ ልጄ!» አሉ፤ ያ ከደወል ቀጥሎ የሚሰማው ድምፅ ነው። ልጅቷ ብርግግ ብላ ተነፈሰች። ስምንቱ እናቶች ነቁ፣ ሲስተሯ ሮጣ ደረሰች፣ ደረቴ ላይ ያልነበረች ልጅ ደረቴ ውስጥ ስትተነፍስ ተሰማኝ።

ልጄ ስትመለስ የሆነውን ነገሯት። የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። አልፈራም ያለች ልጅ ናት እንግዲህ።

ቄሱ «ፈቅደሻል ተብዬ ነው የመጣሁት» አሏት። «ያየሁትን አይቻለሁ። ከፈለግሽ አሁኑኑ የቧንቧውን ውኃ እባርካለሁ፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል።»

ልጄ እኔን አላየችኝም። «አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ደረትዎ ላይ ነበረች። ልትሄድ ነው ብለው ያስባሉ?»

ቄሱ ወደ ጢማቸው ስር ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸው ተቀየረ፤ ዳይፐሩ ለእሷ ልክ ሰፊ ስለሆነ በጎኑ ያፈስ ነበር። ከደረታቸው እስከ ቀበቷቸው እርጥበት ወረደ።

«እኔ ላጠምቃት መጥቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተጠምቄ መመለሴ ነው።»

ልጄ ሳቀች። ስፌቷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች፤ መሃሉ ላይ ግን ልቅሶ ሆነ፣ ቄሱም አባበሏት። ሲረጋጉ ተስማሙ። ወንዱም በአርባው ከሆስፒታል ስለማይወጣ፣ አብረው የመጡ አብረው ይጠመቁ፤ በሰማንያኛው ቀን። «ከከፋ ግን ትደውይልኛለሽ፤ በማናቸውም ሰዓት» አሏት። «እደውላለሁ» አለች። እምነቷ ስልክ መደወል አይከለክልም።

ለዚያች ሌሊት ለሁለተኛዋ ባዶ ሳጥን ተገኘላትና እኛ በባቡር ተመለስን። ቃሊቲ ስንወርድ ቆም አልኩ።

«አባቴ፣ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ዋሽቻለሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «ልጅህ ፈቅጃለሁ ሳትል ስትቀር። ለዋሸኸው ሰው ራሱ መናዘዝህ ነው?»

«ሌላ የንስሐ አባት የለኝም።»

ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው አሰቡ። «ስግደት እንዳላዝህ ጉልበትህን አውቀዋለሁ። ጾምም አይሆንህም፣ ሙቀት ትሰጣለህ። ቅጣትህ ይህ ነው፤ እስከ ሰማንያኛው ቀን አትቁጠር። ቀኑንም፣ ኪሎውንም፣ የረሳችበትንም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሠላሳ ዓመት በየሰዓቱ የጻፈ እጅ ደብተሩን ዘግቶ ለጎረቤቴ አስቀምጪልኝ ብሎ ሰጠ። ሲስተሯ ክብደት ልትነግረኝ ስትመጣ ጆሮዬን እደፍናለሁ። እናቶቹ ገባቸውና «አባባ፣ ልንገርዎ? አንድ ኪሎ ከስድስት...» እያሉ ያሰቃዩኛል። እግሯን ማስታወሱን ግን አልተውኩም፤ ያለ ቁጥር። ከጊዜ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ የረሳችው መቼ እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ቀን ጣቴ ሥራ እንደፈታ ነው የተሰማኝ። ሁለቱም ወደ ቤት መጡ፤ አባታቸው ከጅቡቲ ደርሶ፣ በሁለት መዳፉ አንድ አንድ ይዞ «ከጭነት በላይ ነው» ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ድንገት ደነገጥኩ። ቀኑን አላውቀውም! እኔ አልቆጠርኩ፣ ልጄ አትቆጥርም፣ ሰማንያኛው ቀን አልፎ እንደሆነስ?

«ስንተኛው ቀን ነው?» አልኳት እየተንተባተብኩ።

መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን ከመስቀያው አውርዳ ጫፉን አሳየችኝ። የጥለቱ ክር ከዳር እስከ ዳር በቋጠሮ በቋጠሮ ተሞልቷል። ቋጠሮዎቹ የሚጀምሩት ቄሱ ከመጡበት ቀን ነው።

«አትቆጥሪም ነበር እኮ» አልኳት።

«አንተ ስትቆጥር እኔ ለምን እቆጥራለሁ? ያቆምክ ቀን ጭንቅ ብሎኝ ጀመርኩ።» ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «ሁለት ቀን ይቀራል።»

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ፈርቶ የሚቆጥር፣ አንዷ ሳትቆጥር የምታምን። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛው የማን እንደሆነ አልለየውም።

በሰማንያኛው ቀን ማለዳ፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ ደብሩ ደረስን። በሐኪሙ አቆጣጠር ልጆቹ የዐሥር ቀን ሕፃናት ናቸው። ጎረቤታችን ከነባሏ ቅጥሩ ደጃፍ ላይ ቆመው አይሱዙውን በአበባ አስጊጠውታል፤ ከሥሩ ግን ሽንኩርት ጭኖ ነበር። አንደኛው ተጠመቀ። እንደ ፋብሪካ ሳይረን ጮኸ። ቀጥሎ ሁለተኛዋን ቄሱ በሁለት መዳፋቸው አንሥተው ውኃው ውስጥ ነከሯት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሲያወጧት አልጮኸችም። አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ጸጥ አለች። ውኃው ብርድ ነው። ደነገጠች እንጂ ምንም አልሆነችም፤ ሕፃን ሁሉ እንዲያ ይሆናል አሉኝ በኋላ።

እኔ ግን ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ። መቼ ከቆምኩበት እንደሄድኩ አላስታውስም። ዲያቆኑን ገፋ አድርጌ፣ እጄን በካህኑና በመስቀሉ መሃል ሰድጄ፣ መሃል እግሯን ጠቅ አደረግኋት።

ጩኸቷን ቅጥሩ ውጪ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ጎረቤታችን ከደጅ እልል ስትል ሰማኋት።

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጢማቸው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። የተቆጡ መስለውኝ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን የልጅቷን እግር ወደ እኔ አዞሩት።

«አንዴ ድገማትማ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ስሟን ከመጥራቴ በፊት ትስማኝ።»